አብልተው?

በ2005 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ማታ እቴቴ አንዲት ቃል ተናገረች። ቴሌቪዥኑን እያየች ነበር። መልስ አልሰጠኋትም፤ የምመልሰው አልነበረኝም። ቃሏ ግን ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም። ሠርግ ቤት ስገባ ትመጣብኛለች። ሰው ቤት ተጋብዤ እጄን ስታጠብ ትመጣብኛለች።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። የምትኖረው ደብረ ታቦር ነው። አዲስ አበባ የመጣችው ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ሠርጉ አልፏል፣ መልሱም ቅልቅሉም አልቋል። ቤታችን ግን ገና ድግስ ድግስ ይሸታል። ጓዳ ውስጥ የተረፈ ጠላ በጀሪካን ተቀምጧል። የተከራየናቸው ወንበሮች በረንዳው ላይ ተደራርበው ወሳጃቸውን ይጠብቃሉ።

እኔና ወንድሜ ደግሞ የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን 3ኛ ሲዝን 9ኛ ክፍል ስንጠብቅ ሰንብተናል። አሜሪካ የታየው ግንቦት 25 ነው። እኛ ሰፈር ፊልም ቤት እስኪደርስ ጥቂት ቀን ፈጀ። ወንድሜ በፍላሽ አስጭኖ መጣ። የፊልም ቤቱ ልጅ «እራታችሁን በልታችሁ እዩት፣ ካያችሁት በኋላ አትበሉም» ብሎት ነበር። በላን። መብራት አጥፍተን ተቀመጥን።

እቴቴ ከጸሎቷ ተነስታ ወደ ሳሎን የመጣችው ክፍሉ ከግማሽ በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ነጠላዋን እያስተካከለች አጠገቤ ተቀመጠች። እንግሊዝኛ አትሰማም። ግን ስክሪኑ ላይ ረጅም ገበታ፣ ሻማ፣ ዘፈንና የሚስቅ ሰው አየች።

«ሠርግ ነው እንዴ?»

«አዎ እቴቴ፣ ሠርግ ነው።»

«የማን ልጅ ናት?»

በአጭሩ ነገርኳት። ከፍ ብለው የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ዋልደር ፍሬይ፣ የሙሽሪት አባት ናቸው። ያ ወጣት ንጉሥ፣ ሮብ ስታርክ፣ የሳቸውን ልጅ ሊያገባ ቃል ገብቶ ነበር። ቃሉን አፍርሶ ሌላ አገባ። አሁን ይቅርታ ጠይቆ፣ በሱ ፈንታ የእናቱ ወንድም እያገባላቸው ነው።

«ታርቀዋላ» አለች።

«አዎ፣ ታርቀዋል።»

«ጎሽ። እንዲህ ነው።» ደስ አላት። ተደላድላ ተቀመጠች።

የማይጠጣው ሰውዬ

ይህን ክፍል ያየ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ደሙ ነው። እኔ ማውራት የምፈልገው ከደሙ በፊት ስላሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። እነዚያን ደቂቃዎች ሁለት ጊዜ ነው ያየኋቸው፤ አንዴ በራሴ ዓይን፣ አንዴ በእቴቴ ዓይን።

መጀመሪያ ያየችው ሩዝ ቦልተንን ነው። ከንጉሡ ሰዎች አንዱ ነው፤ ከእናትየው ከኬትሊን አጠገብ ተቀምጧል። ሌላው ሁሉ ጽዋውን ሲገለብጥ እሱ አይጠጣም። ሲጠየቅም መጠጥ እንደሚያፈዝ ይናገራል። እኔ ሰውዬውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ዓይኔ ሙሽሮቹና ንጉሡ ላይ ነበር።

«ያ ሰውዬ ምነው አይጠጣም?» አለች እቴቴ።

«መጠጥ ያፈዛል ነው የሚለው።»

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» አለች። «የሚደብቀው አለው።»

ከዚያ እንግዶቹ እየጮሁና እየሳቁ ሙሽሮቹን ተሸክመው ወደ መኝታቸው ይዘዋቸው ወጡ። እቴቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ጫጫታው ራቀ። አንድ ሰው ወደ ትልቁ በር ሄደና ዘጋው።

«በሩን ለምን ዘጉት?»

ይህን ስትል ድምጿ ተለውጦ ነበር። ዞር ብዬ አየኋት። ወደ ፊት ዘንበል ብላለች።

የሚገርመኝ ይህ ነው። እኔም በሩ ሲዘጋ አይቻለሁ። ብርድ ስለሆነ ነው ያልኩት፣ ወይም ምንም አላልኩም። እቴቴ ግን ከአንድ ሳምንት በፊት እኛ ቤት ዳሱ መግቢያ ላይ ቆማ የዋለች ሰው ናት። የውጭ በራችን እስከ እኩለ ሌሊት አልተዘጋም ነበር። ጎረቤት ገባ፣ የጎረቤት እንግዳ ገባ፣ የማናውቀው መንገደኛ ገባ። የሚያስተናግዱት ልጆች ስለ አንድ ሰውዬ «ይሄ የማን ወገን ነው?» ብለው ሲንሾካሾኩ እቴቴ «ዝም ብለህ ወንበር ስጠው» ብላ ነበር። ለሷ የሠርግ ቤት በር የሚዘጋ ነገር አይደለም። ስለዚህ የተዘጋውን በር ከኔ ቀድማ አየችው።

ታሪኩ ውስጥ ያለችው ኬትሊንም ያኔ ነው ፊቷ የተለወጠው። በሩን አየች። ከዚያ ሙዚቀኞቹ ዜማ ቀየሩ። ዜማው «የካስታሚር ዝናብ» ነው፤ ክፍሉም ስሙን ያገኘው ከሱ ነው። ታይዊን ላኒስተር ያመፀበትን አንድ መስፍናዊ ቤት ከነዘሩ ስላጠፋበት ቀን የሚዘፈን ነው። የስታርኮች ጠላት ዜማ በስታርኮች ገበታ ላይ ምን ይሠራል? ኬትሊን ዜማውን ታውቃለች። እቴቴ ዜማውን አታውቅም፣ በር ግን ታውቃለች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ፈሩ።

ኬትሊን ወደ ቦልተን ዞረች። ቦልተን በዓይኑ ወደ ክንዱ አመለከታት። እጅጌውን ገለጥ አደረገች። ከልብሱ ስር የብረት ጥሩር ለብሷል።

የቀረውን ያየ ያውቀዋል፤ ላላየው ደግሞ በዝርዝር መንገሩ አይጠቅመውም። የንጉሡ ነፍሰ ጡር ሚስት መጀመሪያ ወደቀች። ሰገነት ላይ የነበሩት ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ቀስት አነሱ። «አዝማሪዎቹም?» አለች እቴቴ። ኬትሊን የዋልደርን ወጣት ሚስት አንገት በቢላዋ ይዛ ለልጇ ሕይወት ለመነች። ሽማግሌው ሌላ ሚስት አገኛለሁ አሉ። ቦልተን የላኒስተሮችን ሰላምታ አድርሶ ሮብን ወጋው። በመጨረሻ እናትየውም ወደቀች።

ፊልሙ ሲያልቅ ሁልጊዜ የሚመጣ ሙዚቃ አለ። በዚህ ክፍል አልመጣም። ስሞቹ በጥቁር ስክሪን ላይ በዝምታ ወጡ። ሳሎናችንም ጸጥ አለ። ወንድሜ እጁን ራሱ ላይ ጭኗል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው እቴቴ የተናገረችው።

«አብልተው?»

ዳቦና ጨው

በማግስቱ ለብቻዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ አየሁት። እንግዶቹ ግንቡ ውስጥ ገብተው ገና እንደቆሙ ዳቦና ጨው ይቀርብላቸዋል። ቆርሰው ይበላሉ። በዚያ አገር ሕግ፣ እንግዳ ከአንድ ሰው ጣራ ስር ዳቦና ጨው ከቀመሰ ከዚያ በኋላ እንግዳውም ባለቤቱን፣ ባለቤቱም እንግዳውን አይነካም። በአሮጌዎቹም በአዲሶቹም አማልክት ፊት የተቀደሰ ነው። ማታ ይህን ትዕይንት አይቼው ነበር። እንደ ተራ ሥርዓት አልፌዋለሁ። ልቤ የነበረው «ቀጥሎ ምን ይሆናል» ላይ ነው።

እቴቴ ደግሞ ያን ትዕይንት ጨርሶ አላየችውም። ስትገባ ካለፈ ቆይቷል። ስለ ዳቦና ጨው ሕግ የነገራት የለም። ግን ሕጉን ከኔ በላይ አወቀችው። «ገደሏቸው?» አላለችም። «ለምን?» አላለችም። ያልገባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አብልተው እንዴት?

ስለዚህ ክፍል ሲወራ ብዙ ሰው የሚለው ሮብ የራሱን ስህተት ነው የከፈለው ነው። ቃል አፈረሰ፣ ዋጋውን አገኘ። እኔም በሁለተኛው ቀን ለሥራ ባልደረቦቼ ይህንኑ ብያለሁ። ስለ እቴቴ ሳስብ ግን ይህ ክርክር እጄ ላይ ይፈርሳል። ሮብ አጥፍቷል፣ አዎ። ግን መጥቶ ጥፋቱን አምኗል። በሴት ልጆቻቸው ሁሉ ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠይቋል። ካሳውም ተከፍሏል፤ የእናቱ ወንድም ኤድመር ተሊ የማያውቃትን ልጅ ሊያገባ መጥቷል። ሽማግሌው ካሳውን ተቀበሉ። ከዚያ ገበታ ዘረጉ።

እኛ አገር ሽማግሌ ያስታረቃቸው ሰዎች አብረው ሲቆርሱ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው። ቂም ያለው ሰው ከመቁረሱ በፊት መናገር ይችላል። «አልታረቅም» ብሎ መነሳትም ይችላል፤ ያሳዝናል እንጂ ነውር አይደለም። ነውሩ ቆርሶ ቂም መያዝ ነው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። ዋልደር ፍሬይ በሩን ከፍተው ቢዋጉ፣ ድልድዬን አታልፉም ቢሉ፣ ጦር ቢያዘምቱ፣ ማንም ክፉ ጎረቤት ከማለት አያልፍም ነበር።

«ሳይደግስ አይጣላም» የምንለው ለፈጣሪ ነው። መከራ ያመጣ አምላክ በጓዳ ያሰናዳው መልካም ነገር አለ ብለን ስናጽናና። የሽማግሌው ድግስ ይህን አባባል ከሥሩ ነው ያበላሸው። የደገሱት ለመጣላት ነበር።

ወጭት ሰባሪ

ፊልሙ የተወሰደበት መጽሐፍ ደራሲ ጆርጅ ማርቲን ይህን ሠርግ ከባዶ አላመጣውም። ከስኮትላንድ ታሪክ ሁለት ክስተቶችን እንደወሰደ ተናግሯል። መጽሐፉን ሲጽፍም ይህን ምዕራፍ ዘሎ ሌላውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው ተመልሶ የጻፈው። ከብዶት ነበር። ይህን ሳነብ ለሰውዬው ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

አንደኛው ክስተት እ.ኤ.አ. በ1440 በኤድንብራ ግንብ የሆነው ነው። የዳግላስ ቤት ወራሽ የሆነ የ16 ዓመት ገደማ ልጅ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ለግብር ተጠራ። የጋበዙት በ10 ዓመቱ ንጉሥ ስም አገሩን የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ናቸው። በምግቡ መሐል የጥቁር በሬ ራስ ገበታው ላይ ቀረበ ይባላል፤ የሞት ምልክት ነው። ትንሹ ንጉሥ አትግደሏቸው ብሎ ለመነ ይባላል። ወንድማማቾቹ ግን ተወስደው አንገታቸው ተቀላ። ስኮትላንዶች «ጥቁሩ እራት» ይሉታል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1692 በግሌንኮ ሸለቆ ነው። ወታደሮች ወደ ማክዶናልድ ጎሳ ቤቶች ገብተው ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ በእንግድነት ተቀመጡ። በሉ፣ ጠጡ፣ እሳት ሞቁ። አዛዣቸው ከባለቤቶቹ ልጆች ጋር ካርታ ይጫወት ነበር። ከዚያ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው አስተናጋጆቻቸውን ገደሉ። 38 ያህል ሰው በእጃቸው ሞተ። ሌሎች ወደ ተራራው ሸሽተው በረዶው ጨረሳቸው። ምክንያቱ የጎሳው አለቃ ለአዲሱ ንጉሥ ታማኝነቱን ለመማል ጥቂት ቀን መዘግየቱ ነበር።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። በግሌንኮ የከዳው እንግዳው ነው። ለሱ አማርኛ ስም አለው፤ የበላበትን ወጭት ሰባሪ። ልጅ ሆኜ የሰማሁት ትልቁ ስድብ ይህ ነበር። በጥቁሩ እራት የከዳው ግን ጋባዡ ነው። ወጭቱ የራሱ ነው። ለሱ ምን እንላለን?

ብዙ ቆየሁበት። መልሱ የመጣልኝ ከስኮትላንዶቹ ሕግ ነው። አምኖ በእጅህ የገባን ሰው መግደል እነሱ ዘንድ ከተራ ግድያ የተለየና የከፋ ወንጀል ነበር። ይህን ሳነብ በጭንቅላቴ የመጣው ቃል «አደራ» ነው። እንግዳ አደራ ነው። ድሮ የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት የእግዜር ነው» ይሉታል። ቤቱ የእግዜር ከሆነ እንግዳውም የእግዜር ነው፤ ባለቤቱ ጠባቂ ብቻ ነው። ይህን ያጠፋ ሰው ስሙ አደራ በላ ነው።

ወጭት ሰባሪ፣ አደራ በላ። ሁለቱም ስም ከገበታ የተነሳ ነው። እቴቴ ሁለቱንም በአንድ ቃል ጠቅልላ ነበር የጠየቀችው።

ሙሽሪት

እቴቴ በማግስቱ ጠዋት ቡና ስታፈላ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ሙሽሪት ምን ሆነች?»

ስለ ንጉሡ፣ ስለ እናቱ፣ አብሮ ስለተገደለው የንጉሡ ተኩላ ስንከራከር ያደርን ሰዎች ስለ ሮስሊን አንድ ቃል አላነሳንም። ሙሽሪት ከፎቅ ናት። ከታች የሚሆነውን ታውቅ ነበር? መጽሐፉ ላይ በሠርጓ ቀን ታለቅሳለች። ኬትሊን የሙሽራ ፍርሃት ይመስላታል። አባቷ ለማጥመጃ ያቀረቧት ልጅ ናት። ባሏን ለማዳን አንድ ቃል ብትተነፍስ የሚሆንባትን ታውቃለች።

እቴቴ ይህን ለምን ቀድማ እንዳሰበች ይገባኛል። የደብረ ታቦር ሰው ናት፤ ከተማዋ የራስ አሊ መቀመጫ ነበረች። በዘመነ መሳፍንት ሴት ልጅ የምትዳረው ብዙ ጊዜ ለሰው ሳይሆን ለሰላም ነበር፣ ወይም ለወጥመድ። እቴጌ መነን የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ለካሣ ኃይሉ የሰጧት እንዲያሥሩት ነው። በጋብቻ ገመድ ይያዛል ብለው ነበር። ተዋበች ግን ባሏን ወደደችው። ካሣ ከአባቷና ከአያቷ ጋር ሲዋጋ ከሱ ጎን ቆመች። በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥም አብራው ነበረች። ገመዱን የያዘችው እሷ ሆነች፤ ያሰሯት ሰዎች ይህን አላሰቡትም። ሮስሊን እንደ ተዋበች ዕድል አላገኘችም። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ከክፍሉ ተሸክመው አወጧት።

ለእቴቴ ጥያቄ ያኔ መልስ አልነበረኝም። «አላሳዩንም» አልኳት። ሲኒውን ሰጠችኝና ዝም አለች። በሁለተኛው ቀን ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰች።

ዓመታት አለፉ። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ 7ኛው ሲዝን ጀመረ። የሮብ ታናሽ እህት አርያ፣ ያን ማታ ከግንቡ ደጅ ደርሳ ያልገባችው ሕፃን፣ አድጋለች። ዋልደርን ከዚያ በፊት የገዛ ልጆቻቸውን ሥጋ በምግብ ውስጥ አቅርባላቸው ገድላቸዋለች። አሁን ደግሞ የሽማግሌውን ፊት ለብሳ የፍሬይ ወንዶችን ሁሉ ሰብስባ ግብር አበላች። ምርጥ ወይን አስቀዳች። ጠጡ። መርዝ ነበር።

አጨበጨብኩ። ወንድሜ ከወንበሩ ተነስቶ ጮኸ። አራት ዓመት የጠበቅነው ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ደስታው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ያቺ ቃል መጣች።

በሳምንቱ መጨረሻ ለእቴቴ ደወልኩ። በስልኩ ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማል። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዘንድሮው ክረምት ካወራን በኋላ፣

«እቴቴ፣ ያ ሠርግ ትዝ ይልሻል?» አልኳት።

«የትኛው?»

«በሩን የዘጉበት።»

«ውይ! ያ የፊልሙ።»

«ከውጭ የቀረች እህት ነበረችው። አደገችና ተበቀለችላቸው።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አለች። ከልቧ ነበር። ቀጥላ «እንዴት አድርጋ?» አለች።

«ደግሳ።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ዝናቡ ግን ይሰማል።

«እሷም?» አለች።

ስለ ተኩላው፣ ስለ ንጉሡ፣ ሽማግሌው የሚገባቸውን ስለማግኘታቸው የምለው ብዙ ነበረኝ። አንዱንም አላልኩም።

«ሙሽሪትስ?» አለች ቀጥላ።

አሁን መልስ ነበረኝ። «ወንድ ልጅ ወልዳለች።»

«ተመስገን። አባቱ አቅፎታል?»

«አላየውም እቴቴ። ከሠርጉ ማታ ጀምሮ እንደያዙት ነው።»

«እግዜር ያስፈታው» አለች፤ ድምጿ የታሰረ ዘመድ ያላት ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ ምጣዱ ላይ የጣደችው እንዳይቃጠል ብላ ስልኩን ዘጋች።